የያዙት እስትንፋስ



ለትምህርት በናይሮቢ በነበርንበት ዘመን፣ በአንድ የዕረፍት ወቅት ከሁለት ካህናት ወንድሞቻችን ጋር ወደ ዛንዚባር ደሴት ተጓዝን። ወንድሞቻችን ከባሕር በታች መጥለቅን እንማር ብለው አግባቡን። እኛ በደጋ ተወልደን ያደግን፣ ከወንዝ በቀር ጥልቅ ውኃ የማናውቅ ነንና ልባችን ፈራ፤ ዳሩ ግን አፍረን ፍርሃታችንን አልነገርናቸውም።

አሠልጣኛችን የደሴቲቱ ተወላጅ የሆነ ሙስሊም ወጣት ነበር። ጠላቂው አየሩን በሲሊንደር አድርጎ በጀርባው ይሸከማል። በአፉ የሚይዘው መተንፈሻ ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 ከሠሩት የተገኘ ነው፤ አየር በተሳበ ቁጥር ከዙሪያው የውኃ ግፊት ጋር የተስተካከለ አየር ይሰጣል።

ወጣቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሰጠን ትእዛዝ አንድ ነበር፤ እስትንፋሳችሁን ከቶ አትያዙ። ምክንያቱንም አስረዳን። በ10 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት በውኃው ገጽ ላይ ካለው እጥፍ ነው። በዚያ ሳንባውን በአየር የሞላ ሰው አፉን ዘግቶ ወደ ላይ ቢወጣ፣ አየሩ እጥፍ ለመሆን ይሰፋል፤ መውጫ ካጣም ሳንባን ይቀድዳል። ሕይወት የሆነው አየር ስለ ተያዘ ብቻ ሞት ይሆናል።

በሦስተኛው ቀን በኮራሎቹ መካከል፣ 8 ሜትር ያህል ጠልቀን ሳለን፣ በመነጽራችን ውስጥ ውኃ ገባ። በአፍንጫ ተንፍሶ ውኃውን ማስወጣትን ተምረን ነበር፤ በድንጋጤ ግን ሁሉን ረሳን። እስትንፋሳችንን ይዘን ወደ ላይ ለመሸሽ ተንፈራገጥን። ወጣቱ ደርሶ ክንዳችንን ያዘ። አልጎተተንም፤ ፊቱን ወደ ፊታችን አቅርቦ ከአፉ ረጅም የአረፋ ሰንሰለት ለቀቀ። እንደ እርሱ አስወጣን፤ አዲስ አየርም ገባልን። ከዚያ በኋላ እየተነፈስን በዝግታ አብረን ወጣን።

በጀልባው ላይ ስለ ምን እንደ ያዝን ጠየቀን። «አየሩ እንዳያልቅብን ፈርተን ነው» አልነው። እርሱም፣ «አባ፣ የሚያኖርዎት የያዙት አየር አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ነው» አለን።

ይህ ቃል በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ነሣን። በዚያ ወራት በአንድ ወንድማችን ላይ ቂም ይዘን ነበርና። በየጊዜው ንስሐ እየገባን ይቅርታን እንቀበል ነበር፤ የተቀበልነውን ግን ለእርሱ አላሳለፍንም። አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። እኛም ይህን ተረት ለምእመናን ስንት ጊዜ ሰብከነዋል!

መንፈስና እስትንፋስ በግእዝ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ ደቀ መዛሙርቱን ያገኛቸው በፍርሃት በራቸውን ዘግተው ነው። እስትንፋሱን እፍ አለባቸው፤ ግን ይዘውት እንዲቀመጡ አይደለም፤ ላካቸው፤ የኃጢአትንም ይቅርታ በእጃቸው አኖረ (ዮሐ. 20)። በምድረ በዳም ለነገ ተብሎ የተቀመጠው መና በማግሥቱ ተልቶ ተገኘ (ዘጸ. 16)። የእግዚአብሔር ስጦታ የሚበላሸው ስለ ሰጠነው ሳይሆን ስለ ያዝነው ነው።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ የደነገጠውን ደቀ መዝሙር አትጎትቱት፤ በፊቱ ተንፍሱ። ይቅር ስትሉ ይያችሁ፤ ስትጸልዩ ይስማችሁ። እናንተም ምእመናን፣ ቂም የያዘ ከመካከላችሁ ቢኖር፣ ይቅርታ ብሰጥ ምን ይቀረኛል ብሎ አይፍራ። ቀጥሎ የሚመጣው ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው።

እኛ ወደ ናይሮቢ እንደ ተመለስን ለወንድማችን ደብዳቤ ጻፍን። መልሱ ከመድረሱ በፊት ግን መተንፈስ ጀምረን ነበር።

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።