ልጅ አደራ እንጂ ውርስ አይደለም



«እናቱ የሞተችበትም ገበያ የሄደችበትም እኩል ያለቅሳል» ይባላል። ልቅሶው እኩል ይሁን እንጂ ምሽቱ እኩል አይደለም፤ አንደኛዋ ትመለሳለች፣ ሌላዋ አትመለስም። እኛ ወላጆች ባንመለስ ልጃችንን የሚቀበለው ማን ነው?

በመካነ ሰላምና በማሻ አካባቢ ወላጅ ሲሞት ዘመድ ይሰበሰባል፤ ልጅም ሜዳ ላይ አይጣልም። ይህ ታላቅ በጎነት ነው። ነገር ግን ከልጁ ጋር የወላጆቹ መሬትና ከብት አብሮ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ልጁን የሚወደውን፣ መሬቱን ከሚወደው ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል።

ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ ሁለት ኃላፊነቶችን ይለያል። የልጁን አስተዳደግና ደኅንነት የሚጠብቀው «አሳዳሪ»፣ ንብረቱን የሚያስተዳድረው ደግሞ «ሞግዚት» ይባላል። ከእናትና ከአባት በሕይወት የቀረው ወላጅ፣ ከእርሱ ሞት በኋላ እነዚህን ኃላፊነቶች የሚረከበውን ሰው በኑዛዜ ሊሰይም ይችላል። አንዱ ልጁን አቅፎ ያሳድጋል፤ ሌላው ንብረቱን ይጠብቃል። የክርስትና አባት ወይም እናት መሆን ብቻውን ግን በሕግ ፊት አሳዳሪ አያደርግም፤ የታሰበው ሰው በስሙ ሊጠቀስ ይገባል።

ሞት የቀረበ የመሰለው ሰው በ2 ምስክሮች ፊት በቃሉ ሲናዘዝ እንኳ ለልጆቹ አሳዳሪ መሰየም ይችላል። ይሁን እንጂ ተናዛዡ 3 ወር በሕይወት ከቆየ የቃል ኑዛዜው ይፈርሳል። ስለዚህ በጽሑፍ ማድረጉ ይመረጣል። መጻፍ የማይችል ሰው ኑዛዜውን ሌላ ሰው ጽፎለት፣ በእርሱና በ4 ምስክሮች ፊት ከተነበበ በኋላ ሁሉም ይፈርሙበታል።

«ኑዛዜ ሞትን መጥራት ነው»፣ «ታላቅ ወንድሜ ይቀየመኛል» የሚሉ አሉ። የወንድም ቅያሜ በሽማግሌ ይበርዳል፤ ያለ ፍቅር ያለፈ ልጅነት ግን በምንም አይካስም። ዝምድና ክብር ይገባዋል፤ ሆኖም የልጁ ጥቅም ይቀድማል። ጌታችን በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሲሰጥ፣ ከእርስዋ ጋር መሬት አላስረከበም።

እንግዲህ ባልና ሚስት ተመካክረን እንምረጥ፤ የመረጥነውንም ሰው አስቀድመን እንጠይቀው። ሳይጠየቅ የተጫነ አደራ ለተቀባዩ ዕዳ ይሆንበታልና።