ስለ ሱስ ስንገጥም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ መርሐ ግብር በተዘጋጀ ቁጥር ከሚቀርቡት ግጥሞች መካከል ስለ ጫት፣ ስለ መጠጥና ስለ ሲጋራ የተጻፉት ጥቂት አይደሉም። ይህም የሚያስገርም አይደለም። በየዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት አብረናቸው የምናድር፣ በየሰፈራችን አብረናቸው ያደግን፣ አንዳንዶቻችንም በአንድ ማዕድ አብረናቸው የምንቀርብ ሰዎች በዚህ ነገር ተይዘዋል። ያየነውን እንጽፋለን። ነገር ግን ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት አንድ ጥያቄ ልንጠይቅ ይገባናል፦ በሱስ የተያዘው ወንድማችን ይህን ግጥም ቢሰማ ምን ይሆናል? ይቀርበናል ወይስ ይርቀናል? ግጥም የሚነበበው በአዳራሽ ነውና፣ ከኋላ ወንበር ማን እንደ ተቀመጠ አናውቅም።

ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ሁለት ዐይነት ግጥም ነው። አንደኛው የእርግማን ግጥም ነው። ቃሚውን ከፍየል ጋር ያመሳስላል፣ ጠጪውን ቦይ ውስጥ ያጋድማል፣ ይሰድባል፣ ይፈርዳል፣ በመጨረሻም ይጨበጨብለታል። ሁለተኛው በየበርጫውና በየመጠጥ ቤቱ የሚንቆረቆረው የውዳሴ ግጥም ነው። ሁለቱም የያዙት ግማሽ እውነት ነው። የእርግማኑ ግጥም የሱስን ዋጋ እንጂ ጣዕሙን አይናገርም፤ ስለዚህ ጣዕሙን የሚያውቀው ሰው «እነዚህ የማያውቁትን ያወራሉ» ብሎ ጆሮውን ይዘጋል። የውዳሴው ግጥም ደግሞ ጣዕሙን እንጂ ዋጋውን አይናገርም፤ ስለዚህ በወጥመድ ላይ እንደ ተበተነ ጥሬ ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ ግን እንዲህ አይገጥምም። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 23ን ከቁጥር 29 እስከ 35 እናንብብ። ይህ ክፍል ስለ ስካር የተጻፈ ግጥም ነው። ጠቢቡ በስድብ አይጀምርም፤ እንደ እንቆቅልሽ ስድስት ጥያቄ ይደረድራል እንጂ። ልቅሶው፣ ኀዘኑ፣ ጠቡ፣ ብሶቱ፣ በከንቱ የቈሰለው ገላ፣ የቀላው ዐይን የማን እንደ ሆነ ይጠይቃል። መልሱንም በወይን ጠጅ አጠገብ የሚያመሹ ሰዎች መሆናቸውን ይነግረናል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ልብ እንበል። ጠቢቡ የወይኑን መልክ አይክድም፤ በዋንጫው ውስጥ ቀለሙ እንደሚያምር፣ በጉሮሮም ለስልሶ እንደሚወርድ ይመሰክራል። እባቡን የሚያመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰካራሙንም በባሕር መካከል ከመርከብ ምሰሶ ጫፍ ላይ እንደ ተኛ ሰው አድርጎ ይሥለዋል። በደረቅ ምድር ተኝቶ ማዕበል የሚያናውጠው ሰው! ግጥሙን ሲዘጋም በራሱ ምክር አይዘጋም፤ ለሰካራሙ አፍ ይሰጠዋል። ሰካራሙ ሲመቱት እንዳልተሰማው ይናገራል፤ መንቃት የሚፈልገውም ያንኑ መጠጥ ዳግመኛ ለመሻት ነው። ግጥሙ እዚያ ላይ ያበቃል።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ስለ ሱስ የሚጻፍ እውነተኛ ግጥም የሚስበውንም የሚያስከፍለውንም አብሮ መናገር አለበት። ሱስ መራራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው ባልተያዘበት ነበር። ደግሞም ቤተ ክርስቲያናችን ፍጥረትን አትረግምም፤ ዳዊት ወይን የሰውን ልብ ደስ እንደሚያሰኝ ዘምሯል፣ ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠጣ መክሮታል። ኃጢአቱ ሰው ለተሰጠው ነገር ባሪያ ሲሆን ነው።

የሚስበውን ለመጻፍ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ቃሚዎች ራሳቸው ለእያንዳንዱ ሰዓት ስም አውጥተውለታል። ከቀትር በኋላ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ በርጫ ይሉታል። ጨዋታው ሲደምቅ፣ ዕቅዱ ሁሉ የተፈጸመ ሲመስል፣ ምርቃና ይባላል። ድምፁ ምርቃትን እንዴት እንደሚመስል አስተውሉ! ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሣ በመጠጥ ይሰበራል፤ ይህ ጨብሲ ነው። ቀጥሎ ዱካክ ይመጣል፤ መንፈስ ይከብዳል፣ ሕልሙም ያስጨንቃል። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ሰውነት ያንኑ ሲጠይቅ ሐራራ ነው። ከሐራራ ወደ በርጫ! እነዚህን አምስት ቃላት በተርታ ብናስቀምጣቸው የጠቢቡን ግጥም ሆነው እናገኛቸዋለን፤ በማማር ይጀምራሉ፣ እንደ እባብ ይነድፋሉ፣ ዳግመኛ በመሻት ይጨርሳሉ።

የዕውቀቱም ወገን ይህንኑ ያስረዳናል። በጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ፤ በለጋው ቅጠል ይበዛል፣ ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ እየተለወጠ ኃይሉ ይደክማል። ከሐረርጌ ከአወዳይ ገበያ የሚነሡት መኪናዎች እንዲያ የሚጣደፉት ስለዚህ ነው። ሱስም ሰውን እንዲሁ ያጣድፈዋል፤ ነገን አያስጠብቀውም። የፈተና ሌሊት የያዘው ተማሪ፣ ተመርቆ ሥራ ያጣው ወጣት፣ ብቸኝነት የከበደው ሰው ወደ በርጫው የሚሄደው ቅጠሉን ብቻ ፈልጎ አይደለም፤ ስሙን ጠርቶ «ና ተቀመጥ» የሚለውንም ሰው ፈልጎ ነው። ይህን ያልጻፈ ግጥም ስለ ጫት ጽፎ ይሆናል እንጂ ስለ ሰውየው አልጻፈም። እኛም ልንጠየቅበት የሚገባ ነገር አለ፦ በእኛ ጉባኤ «ና ተቀመጥ» የሚለው ማን ነው?

ዋጋውን ስንጽፍ ደግሞ «ሕይወቱ ጨለመ» በማለት አንለፈው። ጨለማ ለሁሉም አንድ ነው፤ ዋጋ ግን የየራሱ መልክ አለው። ለቀጣዩ ዓመት ክፍል የተቀመጠው መጽሐፍ ተሸጧል። እናት ከመቀነቷ ጫፍ የቋጠረችው ተፈትቷል። ታናሽ ወንድም የተቀደደ ጫማ እንዳደረገ ነው። በቀን 100 ብር የሚያወጣ ሰው በዓመት 36,500 ብር አውጥቷል፤ ይህን ለማስላት ሊቅ መሆን አያሻም። በብር የማይሰላውም አለ፤ ቅዳሴ ሲገባ ከበር መመለስ፣ የንስሐ አባትን በመንገድ ሲያዩ መንገድ መቀየር። አንድ እንዲህ ያለ ስንኝ ከመቶ እርግማን ይበልጣል።

የሚስበውን ብቻ መናገር የማስታወቂያ ሥራ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከልክሏል፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም መጠጥና ትምባሆ እንዳይሸጥ አግዷል። ዐዋጁ ማስታወቂያውን ከአየር ላይ አወረደው፤ ከአፋችን ላይ የሚያወርደው ግን የለም። በቀልድና በዜማ መጠጥን የምናሞግስ ከሆነ፣ ማንም ሳይከፍለን ማስታወቂያ ሠራን ማለት ነው።

ሌላው የሚያስፈልገን ነገር በማን አንደበት እንደምንገጥም ማወቅ ነው። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በተላከ ጊዜ በአደባባይ አልጮኸበትም፤ ወደ እርሱ ገብቶ ስለ አንዲት በግ ታሪክ ነገረው። ዳዊትም በታሪኩ ውስጥ በራሱ ላይ ፈረደ። ከዚያ በኋላ የተዘመረው መዝሙር 50 ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሌላ ሰው ኃጢአት አይቈጠርበትም። ስለዚህ «እናንተ ሱሰኞች» ከሚል ግጥም ይልቅ «እኔ» የሚል ግጥም ይሻለናል። ባንቅምም ባንጠጣም፣ ፈቃዳችን የተሸነፈበት ነገር የሌለን ሰዎች አይደለንምና። የጓደኛን ገመና ግን የግጥም ማድመቂያ አናድርገው፤ በምሥጢር የነገረንን በማይክሮፎን ልንመልስለት አይገባም።

በክፍላችን ወንድሞችና እኅቶች አብረው የሞከሩትን አጭር ግጥም ለምሳሌ እናቅርብ፦

እንግዳ መስሎኝ ነው በሬን የከፈትሁት፣
ላንድ ሌሊት ብቻ ዐረፍ በል ያልሁት፤
ዛሬ አባወራው እርሱ ነው በቤቴ፣
እኔ ደጅ ጠናሁ ለገዛ እራቴ።
አንተም ደጅ የምትቆም ጌታ ነህና፣
አብረን እንግባ በሩን ክፈትና።

ግጥሙ የሊቅ ሥራ አይደለም። ሆኖም ሱስ በእንግዳ መልክ እንደ ገባ አይደብቅም፣ ምን እንደ ወሰደም አይደብቅም። የመጨረሻው ስንኝ የተነሣው በራእይ ምዕራፍ 3 ጌታችን በደጅ ቆሞ እንደሚያንኳኳ ከተጻፈው ነው። ከገዛ ቤቱ የወጣ ሰው ደጅ ላይ ማንን ያገኛል? እርሱን!

ይሁን እንጂ ወገኖቼ፣ ግጥም መድኃኒት ነው ብለን አንሳሳት። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለው የጠፋው ልጅ በእሪያዎቹ መካከል ሆኖ ለአባቱ የሚናገረውን ቃል አዘጋጅቶ ነበር። ያማረ ንግግር ነው። ነገር ግን ያዳነው ንግግሩ አይደለም፤ ተነሥቶ መሄዱ ነው። እንዲያውም ያዘጋጀውን ሁሉ ሳይጨርስ አባቱ ልብስና ቀለበት እንዲያመጡለት አዘዘ። ቃሉን አሳምሮ እዚያው ቢቀመጥ ኖሮ እሪያ ጠባቂ ገጣሚ ሆኖ ይቀር ነበር። ስለዚህ የጻፍን ሰዎች እንነሣ፤ የሰማንም እናንሣ። ወደ ንስሐ አባት እንሂድ፣ በጾምና በጸሎት እንበርታ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድንም እንደ እምነት ጉድለት አንቁጠረው። ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም እስከ መንቀጥቀጥና ራስን እስከ መሳት የሚያደርስ፣ ለሕይወትም የሚያሰጋ ሕመም ሊያገኘው ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ወንድም «ዛሬውኑ ተው» ብለን ብቻውን አንተወው፣ አብረነው ሐኪም ቤት እንሂድ እንጂ።

የተነሣ ሰው ዳግመኛ ሊወድቅ ይችላል። ያን ጊዜ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ እናስታውስ። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ይህ አባታችን ትምህርት አልገባው ብሎ ሸሽቶ ሲሄድ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል አየ። ትሉ ዛፉን ይወጣል፣ ይወድቃል፤ ደግሞ ይወጣል፣ ደግሞ ይወድቃል፤ በመጨረሻም ከፍሬው ደረሰ። ያሬድም ተመልሶ ተማረ፣ ማኅሌትንም ሰጠን። የዜማ ሊቃችን መምህር የወደቀ ትል ነበር ማለት ነው! ስለዚህ የወንድማችንን መውደቅ ብቻ የቈጠረ ግጥም ገና አላለቀም፤ መውጣቱን እስኪጨምር ድረስ ብዕራችንን አናስቀምጥ።

የሚቀጥለው የሥነ ጽሑፍ መርሐ ግብር ሲደርስ እንግዲህ እንዲህ እንጻፍ፦ ጣዕሙን ሳንክድ፣ ዋጋውን ሳንደብቅ፣ በማንም ሳንፈርድ። ግጥሙን ካነበብን በኋላም ወረቀታችንን አጥፈን ወደ ኋላ ወንበር እንሂድ፤ እዚያ ካለው ሰው አጠገብም እንቀመጥ።

የአባቶቻችን አምላክ የታሰሩትን ይፍታልን፤ እኛንም በቃላችን የምንሠራ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።