ጎዳናና ባልንጀራ

በየዓመቱ መስከረም 16 ቀን፣ ከቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለው በመስቀል አደባባይ ደመራው ሲለኰስ፣ መንገዱ ለተሽከርካሪ ተዘግቶ ባለጸጋውና ድኻው፣ ሹሙና ተራው ሰው በእግሩ ቆሞ በአንድ ብርሃን ዙሪያ ሲሰበሰብ፣ እንዲሁም በዒድ ማለዳ ከስታዲየሙ የተረፈው ሰጋጅ በዚያው አካባቢ በአንድ ረድፍ ግንባሩን ለምድር ሲሰጥ ያየ ሰው፣ ይህ ስፍራ በበዓል ቀን ለሁሉ እኩል ከሆነ በሥራ ቀን የጥቂቶች ርስት የሚሆነው በምን ፍርድ ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄው ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም። ከአዲስ አበባ ሕዝብ ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር የሚፈጸም ሲሆን፣ አንድ ሰው ብቻ የተቀመጠበት አውቶሞቢል ግን ለብዙ ብስክሌተኞች የሚበቃውን ስፍራ ይዞ ይሄዳል፤ ጢሱንም አብዝቶ የሚተነፍሰው መኪና የሌለው፣ ዳር ዳሩን የሚሄደውና ቆሞ ታክሲ የሚጠብቀው ነው። የአንዱ ምቾት በሌላው ሳንባ የሚከፈል ከሆነ፣ ነገሩ ምግባርን ይመለከታል።

አባቶቻችን ስለ ጾም ያስተማሩት እዚህ ላይ ብርሃን ይሰጠናል። ጿሚ ሥጋና ቅቤ የሚተወው ርኩሳን ስለ ሆኑ አይደለም፤ የተፈቀደለትን በፈቃዱ ትቶ ሥጋውን ለነፍሱ ለማስገዛት፣ ከማዕዱም የተረፈውን ለተራበ ለመስጠት ነው። አውቶሞቢልም በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ ታማሚን ያደርሳል፣ አረጋዊን ያሳርፋል። ነገር ግን ጤናና ጉልበት ያለው ሰው፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ለሆነች መንገድ መኪናውን በደጁ ትቶ ብስክሌቱን ሲይዝ፣ የተወው ስፍራና ያላጠቈረው አየር ስሙን ለማያውቅ መንገደኛ ይደርሳሉ፤ ተቀባዩ ሰጪውን ሳያውቀው፣ ሰጪውም ምስጋና ሳይጠብቅ የሚፈጸም ከዚህ የበለጠ ስውር ምጽዋት በከተማ ውስጥ አላውቅም።

በዝግታ መሄድ ብቻውን ጽድቅ ነው ማለቴ አይደለም። በሉቃስ ወንጌል እንደ ተጻፈው፣ በኢያሪኮ መንገድ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ካህኑም ሌዋዊውም እያዩት አልፈውታል፤ የሚያስቸኵላቸው ሞተርም አልነበራቸውም። ሆኖም አይተው ነበርና ለመራራትም ለማለፍም ምርጫ ነበራቸው፤ መስተዋቱን ዘግቶ የሚፈተለክ ሰው ግን ምርጫው ራሱ ሳይቀርብለት ያልፋል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ብስክሌተኛ እግረኛውን በሦስት እጥፍ ይቀድመዋል፤ ቢሆንም ሰላምታ ሰምቶ ለመመለስ፣ የወደቀውንም አይቶ ለመቆም ይችላል።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ዳገታም ናትና፣ ከአደባባዩ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል አድርጎ ወደ ካዛንቺስ የሚወጣ ብስክሌተኛ ያልበዋል። በዚህ የሚያፍር ብዙ ነው፤ ከአዳም ጀምሮ የሰው ዕጣ የሆነውን ላብ እንደ ውርደት መቍጠር ግን የትዕቢት ወገን ነው። ከባድ መኪናን መፍራት ግን ትዕቢትም ሐኬትም አይደለም፤ ሕይወትን የሚጠብቅ ፍርሃት ነውና መልሱ ስብከት ሳይሆን የተለየ መስመር ነው። ጉልበቱማ አልጠፋም፤ በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ፣ ወደ ሜልቦርን ስትሄድ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ፤ በባሕር ዳር ሜዳም ተማሪውና ሠራተኛው በብስክሌት ሲመላለስ ኖሯል።

በ2011 ዓ.ም. ‹መንገድ ለሰው› በሚል ስም አንዳንድ እሑድ ጎዳናዎች ከመኪና ነጻ መሆን መጀመራቸው፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማቱ ከአደባባዩ ወደ ቦሌ በሚወስደው ጎዳና የብስክሌት መስመር መዘርጋቱ የሚመሰገን ነው። እንግዲህ ሹማምንት መስመሩ ሰፈርን ከሰፈር ሳይቋረጥ እንዲያገናኝ፣ መኪናም እንዳይቆምበት ይጠብቁ፤ መምህራን በጾም ወራት ስለ ማዕድ ሲያስተምሩ ስለ ጎዳናም ያስተምሩ፤ መኪናና ጤና የተሰጠህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ከረቡዕና ከዓርብ አንዱን መርጠህ በዚያ ቀን ወደ ሥራህ በብስክሌት ሂድ።