የቅጠሉ ሐቅ የማን ነው?

ሐቅ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ብድር ነው፤ ወይ የሠራተኛ ደመወዝ። እስቲ በዛሬው ጁሙዓ ማንም ያልቆጠረውን ሐቅ እንየው።

የጃማይካ ደሴት ሰዎች የአንዲት ሮዝ አበባ ያላት ትንሽ ተክል ቅጠል እያፈሉ ለስኳር በሽታ ይጠጡ ነበር። በ1952 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከዚያ የተላኩ ጥቂት ቅጠሎች በፖስታ ካናዳ ደረሱ። ተመራማሪዎቹ በአይጥ ሲሞክሩት ስኳሩን አላወረደም፤ ነጭ የደም ሴሎችን ግን ቀነሰ። ከዚህ ፍንጭ ተነስተው ቪንብላስቲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት አገኙ። ከዚያችው ተክል የወጣው ቪንክሪስቲን ደግሞ የደም ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት ዛሬም ይታከሙበታል። አልሐምዱሊላህ፣ ስንት እናት እፎይ ብላለች!

የተክሏ ትውልድ አገር ሌላ ደሴት ናት፤ ማዳጋስካር። ከሽያጩ ግን ድርሻ አልደረሳትም።

«እነሱ የሚያውቁት ለስኳር ነው፤ ካንሰሩን ያገኘው ላብራቶሪ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ የለፋ ሰው ሐቅ አለው። ግን ቅጠሉን አፍልተው የሚጠጡ ሰዎች ባይኖሩ፣ ማን ፖስታ ውስጥ ይከተው ነበር?

ሳሞአ ላይ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። የደሴቲቱ ባህላዊ ሐኪሞች የማማላ ዛፍን ቅርፊት ለወፍ በሽታ ይሰጣሉ። ከዛፉ የተገኘው ፕሮስትራቲን ለኤችአይቪ ተስፋ ሲጣልበት፣ በ2001 ከትርፉ 20 በመቶ ለሳሞአ እንዲሆን ተፈረመ። ከዚያ ላይ ጥቂቱ ዕውቀታቸውን ላካፈሉ ሐኪሞች ቤተሰቦች ነው። መድኃኒቱ እስካሁን ገበያ አልወጣም፤ ድርሻቸው ግን ተጽፎ ተቀምጧል።