ሊብሬው ላይ ያለው ስም የማን ነው?

አንተ ባለ ባጃጁ፣ ዛሬ አንተን ነው የምናገረው።

አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ሙዝ ተሸክማ የምትሻገርን እናት ባጃጅህ ገጫት። ሙዙ አስፋልቱ ላይ ተበተነ፣ ነጠላዋ ጎማው ሥር ቀረ። አንተ በዚያች ሰዓት ቤትህ ነበርህ፤ ይህን የሚክድህ የለም። ማታ ሁለት ኪሎ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለህ ሆስፒታል መጣህ፤ አልጋዋ ጫፍ ቆመህ «እግዜር ይማርሽ» አልህ። ባሏ የራጁንና የመድኃኒቱን ወጪ ሲያነሳ ግን ፊትህ ተለወጠ። «እኔ አልነዳሁም፣ ሹፌሩን ጠይቁት» አልህ። ቀጠልህና «እግዜር ያመጣውን ምን ማድረግ ይቻላል?» አልህ። ዕዳህን ግማሹን ለሃያ ዓመት ልጅ፣ ግማሹን ለፈጣሪ አከፋፍለህ ስትወጣ ለራስህ ያስቀረኸው የብርቱካኑን ዋጋ ብቻ ነበር።

ሹፌሩ ማን ሆነና ነው? በየማታው ገቢ የሚያስገባልህ ልጅ አይደለም? ገቢው መቶ ብር ሲጎድል «የት አደረስኸው?» ብለህ የምታፋጥጠው፣ «ፍሬኑ አልይዝ እያለ ነው» ሲልህ «ለጊዜው ቀስ እያልህ ንዳ» ያልኸው ልጅ ነው። ብሩ ሲመጣ ባጃጁ ያንተ፣ ሰው ሲሰበር የእሱ!

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን ጨዋታ የዘጋው በ1952 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሕግ ጉዳት ያደረሰ ሰው በአብዛኛው የሚጠየቀው ጥፋት ሲገኝበት ነው። ለጥቂት ነገሮች ግን ሕጉ «ማን አጠፋ?» የሚለውን ትቶ «ንብረቱ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቁጥር 2081 ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ያደረሰውን ጉዳት ባለቤቱ ላይ ይጥላል፤ ያልፈቀድህለት ሰው ነድቶት እንኳ ቢሆን። የምታመልጠው በዚያች ሰዓት ተሰርቆብህ እንደነበር ካስረዳህ ነው። ቁጥር 2086 ደግሞ አፍህን ቀድሞ ያውቀዋል። «አላጠፋሁም»፣ «ምክንያቱ አይታወቅም»፣ «ከአቅሜ በላይ ነበር»፣ «ሌላ ሰው ነው» ብትል አንዱም አያድንህም። የተጎጂዋ የራሷ ጥፋት ካለበት በዚያው ልክ ይቀነስልሃል፣ ሌላ የለም። ከሹፌሩ ጋር ያለህን ሂሳብ ኋላ ለብቻህ ትጨርሳለህ፤ በእሷ ፊት ግን በእሱ አታሳብብ።

ይህ የፈረንጅ ሕግ ነው እንዳትለኝ። እርግጥ ረቂቁን ያዘጋጀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው። ነገሩን ግን አባትህም ያውቁት ነበር። በሬያቸው ገመድ በጥሶ የጎረቤት እንሰት ውስጥ ሲገባ «እረኛውን ጠይቁ» አላሉም፤ «የማን በሬ ነው?» ተባለ፣ «የእኔ» አሉ፣ ካሱ። ሕጉም ለከብት በቁጥር 2071 የሚለው ይህንኑ ነው። ለበሬ ያላፈሩበትን አንተ ለሦስት ጎማ አፈርህ።

ያችን መጋቢት 1 ቀን 2011ን አስታውስ። ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰው ይዞ የወደቀው አውሮፕላን ነገር ሲነሳ፣ ከባሕር ማዶ ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ የቀሰሩ ነበሩ። ሀገር በካፒቴን ያሬድ ጌታቸው ስም ተቆጣ፤ አንተም ቡና ቤት ተቀምጠህ ጠረጴዛ እየደበደብህ «የሠሩት ዕቃ ብልሹ ሆኖ ሳለ በነጂው ያሳብባሉ!» ስትል ነበር። ልክ ነበርህ። የአውሮፕላኑ ሠሪ ቦይንግ በኅዳር 2014 ቺካጎ ባለው ፍርድ ቤት አውሮፕላኑ ለበረራ አደገኛ እንደነበርና ኃላፊነቱም የራሱ እንደሆነ አመነ። (በእኛም ሕግ ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ በቁጥር 2085 ይጠየቃል፤ ጉድለቱ በተለመደው ፍተሻ የሚታይ ካልሆነ በቀር።) ታዲያ የአሜሪካ ኩባንያ በነጂው ሲያሳብብ ያንገበገበህ ሰውዬ፣ ያንተን ሹፌር ፖሊስ ጣቢያ ብቻውን ትተኸው ስትመጣ ምን ተሰማህ?

ደግሞ ሽማግሌ ልከሃል። የጋሞ ሽማግሌ በመስከረም 2011 እርጥብ ሳር ይዞ አርባ ምንጭ ጎዳና ላይ የተንበረከከው ለበቀል የወጣውን ወጣት ሊመልስ፣ የንጹሕ ሰው ንብረት እንዳይነካ ነው። ያንን ክብር አንተ ለካሳ ቅናሽ አዋልኸው። ሽማግሌው ሲገባ ተጎጂ እምቢ ለማለት እንደሚያፍር ታውቃለህና። በዚህ ምድር ጎሜ የሚባል ነገር እንዳለም ታውቃለህ፤ የበደለ ሰው በደሉን ሳይናገርና ሳያስተካክል መዓቱ ከቤቱ አይወጣም ይባላል። በሽንጎው አደባባይ በዱቡሻ ላይ የሚቀርበው በደል ነው፣ አንተ ያቀረብኸው ግን ሰበብ ነው።

ከሁሉ የከፋው ቀጠሮህ ነው። «ከበዓል በኋላ»፣ «ዕቁብ ሲወጣልኝ»፣ «ከወንድሜ ጋር ተማክሬ»። ገር መስሎ የሚታይ ቀጠሮ ነው፤ ግን ቁጥር 2143 የካሳ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ እንደሚያልፍበት የነገረህ ሰው አለ። ጉዳቱ በወንጀል የሚያስጠይቅ ሲሆን ጊዜው ሊረዝም እንደሚችል ግን አልነገረህም፤ ወይም አልጠየቅኸውም። የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ 799/2005 ግዴታህ ነው። አድሰኸው ከሆነ ወረቀቱን አውጣ፤ ካላደስኸው ከኪስህ አውጣ። ሊብሬውንም ይዘህ ሂድና ስምህን አሳያቸው፤ «የእኔ ናት» በል።

አንተ ሁለት ዓመቱ የሚሞላበትን ቀን ትቆጥራለህ። እሷ ከመደቡ እስከ ደጃፉ ድረስ በክራንች ስንት እርምጃ እንደሆነ ትቆጥራለች። ትናንት አራተኛው ላይ ተቀመጠች።