ያልቸኮለችውስ?

«አብሽሪ፣ አትቸኩይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አላት አሠልጣኙ።

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ጂም ነው፤ ባለፈው ክረምት። ልጅቷ የደሴ ናት፤ ለሥራ ወደ ኮምቦልቻ ትመላለሳለች። በሐምሌ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ደሴን ሲያለብሳት፣ ጭቃውም ሲጨመርበት፣ ውጭ መሮጥ ስላስጠላት ከሥራ መልስ ትሬድሚል ላይ መውጣት ጀምራለች። ያቀደችው 5 ኪሎ ሜትርን ከ25 ደቂቃ በታች መጨረስ ነው። ምክሩን ሰማች፤ አልቸኮለችም። በ26 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ጨርሳ ወረደች፤ ገና ላቧን ሳትጠርግም ወሬ ጀመረች።

ከተረቱ ጋር ያጣላኝ ያ ወሬ ነው። 25 ደቂቃ ያመለጠው ሰው እንዲያ የሚያወራበት ትንፋሽ ሊተርፈው አይገባም ነበር።

ተረቱን ማብራራት አያስፈልግም፤ ሰኞ ገበያ እህል ይዞ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። በሩጫው ዓለምም ምስክር አጥቶ አያውቅም። እኔ ከሁሉ የምወደው ምስክር ምሩፅ ይፍጠር ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ደርሃም ከተማ፣ በ5,000 ሜትር ከስቲቭ ፕሪፎንቴይን ጋር ሲሮጥ ዙር ተሳሳተ። ሁለት ዙር እየቀረው የመጨረሻው ዙር መስሎት ተፈተለከ፤ ጨረስኩ ብሎም ቆመ። ፕሪፎንቴይን ቀሪውን ዙር ሮጦ አሸነፈ። ምሩፅ ግን በማግስቱ በ10,000 ሜትር ፍራንክ ሾርተርን ቀድሞ ገባ። አፍስሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በሞስኮ ኦሊምፒክ «ማርሽ ቀያሪው» እስከ መጨረሻዎቹ 300 ሜትሮች ድረስ አድብቶ የሁለቱንም ርቀት ወርቅ ሲወስድ፣ ችኮላን ከማንም በላይ የሚያውቃት ሰው እንደነበር አስታውሳለሁ።

ግን ልብ በሉ፤ ምሩፅ የለቀመው በሌላ ቀን፣ በሌላ ውድድር ነው። በዚያ በ5,000 ሜትሩ ውስጥ የፈሰሰው ፈስሶ ቀርቷል። ተረቱ ርኅሩኅ ነው፤ ለቸኮለችው ሴት ጎንበስ ብላ የምትለቅምበትን ጊዜ ይሰጣታል። በሰዓት ሩጫ ግን እህሉ ራሱ ሰዓቱ ነው። ጎንበስ ባለች ቁጥር ሌላ ይፈሳል።

ሰውነትም ይህን ርኅራኄ አያውቅም። ሩጫ ሲጀመር ልብና ሳንባ ከእግር ጋር ለመስተካከል ሁለት ሦስት ደቂቃ ይወስድባቸዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ታታልላለች፤ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር እንኳ ቀላል ይመስላል። ዕዳው የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ ጭን ይከብዳል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ያን ጊዜ ፍጥነት ቢቀንሱም፣ ለማገገም የሚባክነው ጊዜ ቀድሞ ከተረፈው ይበልጣል። አስፋልት ላይ ሰው ሲደክመው ሳያውቀው ይቀዘቅዛል፤ ማንም አያይበትም። ትሬድሚል ግን አብሮ አይደክምም። ወይ ቁልፉን ተጭነህ መድከምህን ታምናለህ፣ ወይ ላስቲኩ ወደ ኋላ ይወስድሃል። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ጂም የሚያዘወትር ሁሉ አይቶታል። በ14 የጀመረው ጎረምሳ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ እጀታውን ጨብጦ እግሮቹን በጎንና በጎኑ ጠርዝ ላይ ያሳርፋል፤ ላስቲኩ ባዶውን ይሽከረከራል፤ ስክሪኑም መቁጠሩን አያቆምም። እሱ ያፈሰሰውን ማሽኑ እየለቀመለት ነው። ያን 5 ኪሎ ሜትር ፎቶ አንስቶ ለጓደኞቹ መላኩንም አይተውም።

ለዚህ ጎረምሳ ተረቱ ይነገረው፤ ይገባዋል። የደሴዋ ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

ሒሳቡን ላስቀምጠው። 5 ኪሎ ሜትር በ25 ደቂቃ ማለት በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ነው። እሷ የመጀመሪያዎቹን 2 ኪሎ ሜትሮች በ10 ሮጠች፤ 12 ደቂቃ ሄደ። ሦስተኛውን በ11 ሮጠች፤ 5 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ። «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው» ይላል አሠልጣኙ። ቀሪው 2 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀሪው ጊዜ 7 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ። ይህን ለማድረስ በሰዓት ወደ 16 ኪሎ ሜትር መሮጥ ነበረባት፤ የዚያ ማሽን የመጨረሻ ፍጥነት ደግሞ ራሱ 16 ነው! አራተኛውን በ13፣ አምስተኛውን በ14 ሮጣ ወረደች። በመጨረሻው ኪሎ ሜትር 14 መሮጥ የቻለች ልጅ መጀመሪያ ላይ 12 አያቅታትም ነበር። እሷ ምንም አላፈሰሰችም፤ ያው እህል ሳይሸጥ ወደ ቤት ተመለሰ እንጂ። ተረቱ ስለዚህ ኪሳራ አንድም ቃል የለውም። የቸኮለችዋን ሲገስጽ፣ በጥንቃቄ ተራምዳ ገበያው ከተበተነ በኋላ የደረሰችዋን ደህና አደረግሽ ብሎ ያልፋታል።

ተረቱ ችኮላን ከፍጥነት ጋር አንድ አድርጎ ማየቱም ይቆረቁረኛል። ሃያ አምስቱን ደቂቃ ሙሉ 12 ላይ የቆመ ሰው እንውሰድ። ቁጥሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይነቃነቅም። ሆኖም በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ያ ሰው ራሱን እየያዘ ነው፤ እግሩ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሦስተኛው ላይ ልኩ ነው። አምስተኛው ላይ እየታገለ ነው፤ ያው 12 አሁን ጥድፊያ ሆኗል። ዝግተኛም፣ ልከኛም፣ ቸኳይም የሆነው በአንድ ፍጥነት ነው። ታዲያ «አትቸኩይ» ስትባል ስንት ቁጥር ላይ ነው መቆም ያለባት?

መልሱ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ እንኳ አንድ አይደለም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ሐረጎን ተጠማዝዞ ይወርዳል። የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ደሴ ላይ በሩብ ያህል፣ ኮምቦልቻ ላይ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ልክ የሆነው 12 ደሴ ላይ ችኮላ ሊሆን ይችላል። ደሴ ያደገ ሳንባ ወደ ታች ሲወርድ ትርፍ ያገኛል፤ ኮምቦልቻ ግን ሙቀቷን ታስከፍላለች። በዚያ ላይ ጂም ውስጥ፣ ሰው በቆመበት ሲሮጥ ላቡን የሚያደርቅለት ነፋስ የለም። ከፊት የሚገፋው ነፋስም ስለሌለ አንዳንዶች ለማካካስ ማሽኑን 1 በመቶ ዳገት ያደርጉታል። ምን ልበላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ተረቱም እንዲሁ።

ከጂም ወጣ ብዬ አንድ ትልቅ ሩጫ ልጥራ። መስከረም 2012 ዓ.ም.፣ በርሊን። ቀነኒሳ በቀለ የማራቶኑን የመጀመሪያ ግማሽ በ61 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ አለፈ። ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ብርሃኑ ለገሠና ሲሳይ ለማ ጥለውት ሄዱ። አልተደናገጠም፤ ጭኑን አዳምጦ፣ ቆይቶ ተነሣ። ሁለቱንም አንድ በአንድ ለቀማቸው። ሁለተኛውን ግማሽ በ60 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ሮጦ በ2:01:41 ገባ። የኤሉድ ኪፕቾጌ የዓለም ክብረ ወሰን 2:01:39 ነበር። ሁለት ሰከንድ! ተረቱ ለዚህ ሩጫ ምን ይላል? የቸኮለ የለም፤ የተበተነ የለም፤ ሰዎቹም ተለቅመዋል። ሁለቷ ሰከንድ ግን ከ30 ኪሎ ሜትር ወዲህ በዝግታ ከሄደባት መንገድ ላይ ወድቃ ቀርታለች። ቀነኒሳን አልወቅስም፤ ጭኑ ያመመው ሰው ያደረገው ጀግንነት ነው። የምከራከረው ከተረቱ ጋር ነው።

ደግሞም መዝገቦቹ ለእኔ ሳይሆን ለአሠልጣኙ ያደሉ ይመስላሉ፤ ይህንንም ልደብቅ አልፈልግም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 2:03:59 ሲሮጥ የመጀመሪያው ግማሽ 62:05፣ ሁለተኛው 61:54 ነበር። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 እ.ኤ.አ. እዚያው በርሊን 2:11:53 ስትገባም ሁለተኛው ግማሿ ከመጀመሪያው ፈጠን ያለ ነበር። ከዝግታ ጀምሮ መጨመር ያዋጣል ማለት ነው። ግን የኃይሌ ልዩነት በ42 ኪሎ ሜትር ውስጥ 11 ሰከንድ ናት። የደሴዋ ልጅ በመጀመሪያዎቹ 2 ኪሎ ሜትሮች ብቻ ከዕቅዷ ወደ ኋላ የቀረችው በ2 ደቂቃ ነው። አሠልጣኙ ትዕግሥት ያላት ይህችን ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እላታለሁ። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በ11.8 ጀምሪ፤ 5 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ይሆናል። ቀጣዮቹን ሦስቱን 12 ላይ ያዢ፤ እጀታውን አትንኪ። ለመጨረሻው 4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ይቀርሻል፤ 12.3 ይበቃዋል፤ 14 የሮጠ እግር ከዚያም ሊጨምር ይችላል። ሙከራው ደሴ ላይ ከሆነ ከሁሉም ላይ ጥቂት ይቀነስ። ኮምቦልቻ ከሆነ ደግሞ ከሥራ መልስ ያለው ሰዓት ይሞቃልና ቁጥሩን ትተሽ ሰዓቱን ለውጪ፤ ማለዳ የመጀመሪያውን ታክሲ ይዘሽ ውረጂ።