ከፊልሙ የተቀነሰው ክፍል

የታላቅ ሰው ጥፋት ለልጆች ይነገራልን? የሐሙሲት ተማሪዎች የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ በስልክ አጭር ፊልም ለማንሣት ምክር ጠየቁኝ። ሴባስቶፖል መድፍ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሲሠራ፣ ወደ መቅደላ ሲጎተት፣ ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሲገድሉ አሳዩ። (መድፉን ከጭቃ ሠርተውት ነበር፤ ግሩም ነው!) ጎንደር በ1859 ዓ.ም. በንጉሡ ትእዛዝ መዘረፏንና መቃጠሏን ግን ልጆቹ ጀግናቸውን እንዳይንቁ ፈርቼ አስቀረሁት። ንጉሡን ሆኖ የተጫወተው ልጅ፣ «ጋሼ፣ የጎንደር ሰዎችስ ታሪክ የላቸውም?» አለኝ። ዝም አልሁ፤ ስንት ዘመን ያስተማርሁ ሰው አፈርሁ። መድፍ ጎታቹን አመስግኖ ቤቱ የተቃጠለበትን መርሳት ምን ዐይነት ፍርድ ነው? በማግሥቱ ያን ክፍል እንዲጨምሩ ነገርኋቸው፤ ጭድ ለማቃጠል ግን አስቀድመው ወላጆቻቸውን ያስፈቅዱ ብያለሁ።